አይቶ መምረጥ፦ የዴስክቶፕ ገጽታ ቅድመ ዕይታ እንዴት ይሻሻላል?

የዴስክቶፕ ገጽታ ማለት በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያሉ ነገሮች ሁሉ የሚለብሱት መልክ ነው። የመስኮቱ ጠርዝ ቀለም፣ የአዝራሩ ቅርጽ፣ የምናሌው ጥላ፣ የፎልደርና የፋይል አዶዎች፣ የማውስ ጠቋሚው፣ የፊደሉ ዓይነትና መጠን፣ ከኋላ የተዘረጋው ልጣፍ በአንድ ስም ተጠቃልለው በአንድ ጊዜ እንዲለወጡ ያደርጋል። ቅድመ ዕይታ ደግሞ በቅንብሮች ውስጥ ከየገጽታው ስም ጋር የሚቀመጥ ትንሽ ሥዕል ነው። ሥራው አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፤ ይህ ገጽታ ቢመረጥ ስክሪኑ ምን ይመስላል?

ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው። በሥዕሉ ላይ ለስላሳ መስሎ የታየው ግራጫ፣ ከተመረጠ በኋላ ጽሑፉን ከመደቡ የማይለይ ሆኖ ይገኛል። ጨለማ ገጽታ ተብሎ የተመረጠው ምናሌውን ብቻ አጥቁሮ የፋይል መስኮቱን ነጭ እንደሆነ ይተወዋል። ተጠቃሚው ይመርጣል፣ ስክሪኑ ሁሉ ይገለባበጣል፣ አይወደውም፣ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ይፈልጋል፣ የቀድሞውን ስም ግን ረስቶታል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ የገጠመው ሰው መሞከሩን ትቶ ኮምፒውተሩ ይዞት በመጣው መልክ ይቆያል። ጉዳቱ በተለይ የሚከብደው ዓይናቸው ለደከመ፣ ደማቅ ብርሃን ለሚያማቸውና ቀለም ለመለየት ለሚቸገሩ ሰዎች ነው፤ ለእነሱ ተስማሚ ገጽታ ማግኘት ቀኑን ሙሉ መሥራት የመቻልና ያለመቻል ጉዳይ ነውና። ስለዚህ ቅድመ ዕይታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘነው በእውነተኛነቱ ነው። ያሳየው ነገር ከተመረጠ በኋላ ከሚገኘው ጋር መግጠም አለበት።

የሥዕሉ አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው የአፕል ማኪንቶሽ በመቆጣጠሪያ ገጹ ላይ የዴስክቶፑን የጀርባ ንድፍ መለወጫ ነበረው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የገጹን መልክ የነደፉት ሱዛን ኬር ነበሩ። ንድፉ 8 በ8 የሆኑ ጥቁርና ነጭ ነጥቦች ስብስብ ነው። በአንድ በኩል ነጥቦቹ ጎልተው ይታያሉ፤ ተጠቃሚው አንዱን ሲነካ ከጥቁር ወደ ነጭ ወይም ከነጭ ወደ ጥቁር ይለወጣል። በሌላው በኩል የምናሌ መስመር ያላት ትንሽ ስክሪን ተሥላለች፤ የተለወጠው ንድፍ ወዲያው በዚያች ስክሪን ላይ ተደጋግሞ ተዘርግቶ ይታያል። ለብቻው ሲታይ ትርጉም የሌለው ነጥብ በሰፊው ሲዘረጋ ምን እንደሚሆን ማሳየት የሚለው የቅድመ ዕይታ መሠረታዊ ሐሳብ በዚህ ቀላል ገጽ ላይ ተሟልቶ ነበር።

በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 የቀለም ስብስቦችን በስም ዘርዝሮ፣ ከዝርዝሩ ጋር የናሙና ስክሪን አስቀመጠ። ተጠቃሚው በዝርዝሩ ላይ ሲወርድና ሲወጣ ናሙናው አብሮ ይለወጣል፤ ትክክለኛው ስክሪን ግን እስኪጸድቅ ድረስ እንደነበረ ይቆያል። ከስብስቦቹ መካከል ሆት ዶግ ስታንድ የተባለው ቀይና ቢጫ ቅልቅል በዓይን አድካሚነቱ እስከ ዛሬ ይታወሳል። በስሙ ብቻ ቢመረጥ ኖሮ ማንም አይገምተውም ነበር፤ ናሙናው ግን ሳይመረጥ ማንነቱን ይናገራል።

ዊንዶውስ 95 አንድ እርምጃ ቀጠለ። በናሙናው ውስጥ ሥራ ላይ ያለ መስኮት፣ ከኋላው ሥራ ላይ ያልሆነ መስኮት፣ ከፊት ደግሞ አንድ የመልእክት ሳጥን ተሣሉ። ተጠቃሚው ከናሙናው ክፍሎች አንዱን ሲነካ የዚያ ክፍል ቀለምና መጠን መቀየሪያ ይቀርብለታል። «የርእስ መስመር» ወይም «የአዝራር ፊት» የሚሉትን ስሞች ማወቅ ሳያስፈልግ፣ ጠቋሚውን ሊለወጥ በተፈለገው ነገር ላይ አሳርፎ መንካት በቂ ሆነ። በ2009 በዊንዶውስ 7 ይህ የተሣለ ናሙና ዋና ቦታውን ለቀቀ። ገጽታዎቹ የልጣፍ ትንንሽ ሥዕሎች ሆነው ተደረደሩ፤ አንዱ ሲነካም ወዲያው በዴስክቶፑ ላይ ይውላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቅ ለውጥ የብሩህና የጨለማ ምርጫ ነው። የአፕል ማክኦኤስ ሞሃቪ በ2018 ሁለቱን ጎን ለጎን በሁለት ሥዕሎች አቀረበ። በሊኑክስ በኩል ኖም 42 የተባለው ዴስክቶፕ በ2022 ተመሳሳይ ገጽ ይዞ ወጣ፤ በሥዕሎቹ ጀርባ ላይ የሚታየው ተጠቃሚው ራሱ የመረጠው ልጣፍ መሆኑ ግን ተጨማሪ ብልሃት ነበር። ገጹ ቀለለ፣ ምርጫውም ወደ ጥቂት ወረደ። በአንጻሩ እንደ ፕላዝማ፣ ሲናሞን፣ ማቴና ኤክስኤፍሲኢ ያሉት ብዙ ገጽታ የሚቀበሉ ዴስክቶፖች የቅድመ ዕይታን ችግር በሙሉ ክብደቱ ተሸክመው ይገኛሉ፤ ማንም ሰው ገጽታ ሠርቶ ማሰራጨት ስለሚችል ዝርዝሩ ገደብ የለውምና።

ሥዕሉ የሚገኝባቸው አራት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የገጽታው ሠሪ ራሱ የስክሪን ፎቶ አንሥቶ ከገጽታው ጋር እንዲያስገባ ማድረግ ነው። የኬዲኢ ፕላዝማ አጠቃላይ ገጽታዎች እንዲህ ያለ ሥዕል በጥቅላቸው ውስጥ ይይዛሉ። ዘዴው ለኮምፒውተሩ ቀላል ነው፤ ያለውን ፋይል ከፍቶ ማሳየት ብቻ ነው። ድክመቱ ግን ብዙ ነው። ፎቶው የተነሣው በሠሪው ስክሪን፣ በሠሪው ልጣፍና በሠሪው ፊደል ነው። ገጽታው በኋላ ቢሻሻል ፎቶው አሮጌውን ማሳየቱን ይቀጥላል። መጠኑም ሌላ ችግር ነው። 1920 ፒክስል ስፋት ያለው ስክሪን ወደ 200 ፒክስል ሲጠብ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያንሳል፤ 16 ፒክስል ቁመት የነበረው ፊደል ከሁለት ፒክስል በታች ይሆናል። ከዚያ ውስጥ የሚታየው ልጣፉ እንጂ ገጽታው አይደለም። ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ገጽታዎች በአንድ ልጣፍ ምክንያት መንታ ሊመስሉ፣ አንድ ገጽታም በሁለት ልጣፍ ሁለት ሊመስል ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ሥዕሉን ከገጽታው መረጃ መሣል ነው። በፕላዝማ የቀለም ስብስብ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይጻፋል፤ የመደቡ፣ የጽሑፉ፣ የአዝራሩ፣ የተመረጠው መስመር ቀለም በየስማቸው ተዘርዝረዋል። የቅንብሮቹ ገጽ ፋይሉን አንብቦ በእነዚያ ቀለሞች ትንሽ መስኮት ይሥላል። ፋይሉ ሲለወጥ ሥዕሉም ይለወጣል፤ ሁሉም ገጽታዎች በአንድ ቅርጽ ስለሚሣሉ ማወዳደር ይቀላል። የሚጎድለው ቅርጽ ነው። የአዝራሩ ክብነት፣ የጥላው ጥልቀት፣ የመስመሮቹ ውፍረት ከቀለም ዝርዝር አይነበብም።

ሦስተኛው መንገድ እውነተኛ አዝራሮችንና መስኮቶችን በዚያው ገጽታ ከመጋረጃ ጀርባ ሠርቶ ምስላቸውን መውሰድ ነው። ከሁሉ የበለጠ ታማኝ የሆነው ይህ ነው፤ ግን የራሱ እንቅፋት አለበት። በኖም የመስኮት ዕቃዎችን የሚሥለው ጂቲኬ የተባለው ሶፍትዌር አንዱን ገጽታ ለአንድ ሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም በሙሉ ነው የሚያለብሰው። የቅንብሮቹ ፕሮግራም ሃያ ገጽታ ልይ ብሎ ራሱ ሃያ ጊዜ ቢለብስና ቢያወልቅ በተጠቃሚው ፊት ይብለጨለጫል። ኖም 2 ለዚህ ያበጀው መፍትሔ ረዳት ፕሮግራም በጎን ማስነሣት ነበር፤ ረዳቱ ገጽታውን ለብሶ ናሙናውን ይሥልና የተጠናቀቀውን ምስል ለዋናው ያስረክባል። ማቴ የተወለደው ከኖም 2 ስለሆነ ይህን አሠራር ወርሷል። ሌላም ጥቅም አለው፤ አንድ የተበላሸ ገጽታ ቢያሰናክል የሚወድቀው ረዳቱ ብቻ ነው፣ የቅንብሮቹ ገጽ አይዘጋም።

አራተኛው መንገድ ሥዕሉን ትቶ ገጽታውን በቀጥታ በዴስክቶፑ ላይ ማዋል ነው። ከዚህ የበለጠ እውነት የለም። ግን የተከፈቱ ፕሮግራሞች ሁሉ መልካቸውን ይቀያይራሉ፤ አንዳንዶቹም ተዘግተው እስኪከፈቱ አሮጌውን ለብሰው ይቆያሉ። ስለዚህ በዚያች ደቂቃ የሚታየው ስክሪን ከሁለት ገጽታ የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል።

ከአራቱ አንዱ ብቻውን አይበቃም። የሚያዋጣው ቅንጅት ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ከመረጃው የተሣለ ትንሽ ናሙና፣ አንዱ ሲነካ በእውነተኛ ዕቃዎች የተሠራ ሰፋ ያለ ናሙና፣ በመጨረሻም በቀላሉ የሚመለስ ሙሉ ሙከራ። የሠሪው ፎቶ ደግሞ ገና ላልወረደ ገጽታ መተዋወቂያ ሆኖ ያገለግላል።

በናሙናው ውስጥ ምን ይግባ

ትንሽ ሥዕል ሁሉን መያዝ ስለማይችል የሚገባው ነገር በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። ሰው ከስክሪኑ ጋር በሚውልበት ጊዜ ደጋግሞ የሚያያቸውና ገጽታዎች ብዙ ጊዜ የሚያበላሹዋቸው ነገሮች ይቀድማሉ።

ቀዳሚው ሥራ ላይ ያለ መስኮት ከሌላው የሚለይበት ምልክት ነው። ሁለት መስኮት ተደራርቦ ካልታየ፣ ተጠቃሚው የሚጽፈው በየትኛው ውስጥ እንደሆነ የማያስታውቅ ገጽታ መሆኑ አይገለጥም። ቀጥሎ የተመረጠ መስመር አለ፤ በፋይል ዝርዝር ውስጥ የተመረጠው ፋይል ከሌሎቹ በግልጽ መለየቱን ማሳየት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ለጊዜው የማይሠራ አዝራር ነው፤ ከሚሠራው የደበዘዘ፣ ግን ሊነበብ የሚችል መሆን አለበት። አራተኛው የኪቦርድ ተጠቃሚ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ክፈፍ ነው፤ ያለ ማውስ ለሚሠራ ሰው ይህ ክፈፍ ከጠፋ መንገዱ ጠፋ። ከእነዚህ ጋር ተራ ጽሑፍ፣ አንድ ሊንክ፣ አንድ ምልክት የተደረገበት ሳጥን፣ አንድ የስሕተት መልእክትና ሁለት ሦስት አዶ ቢገቡ ናሙናው ይሟላል።

በዊንዶውስ 11 ያሉት የከፍተኛ ንጽጽር ገጽታዎች ለዚህ ጥሩ አብነት ናቸው። ተጠቃሚው አንዱን ሊያስተካክል ሲከፍት የሚቀርቡለት ቀለሞች መደብ፣ ጽሑፍ፣ ሊንክ፣ የማይሠራ ጽሑፍ፣ የተመረጠ ጽሑፍና አዝራር ናቸው። ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ግን ጽሑፍ በስክሪን ላይ የሚገኝባቸውን ዋና ዋና ሁኔታዎች ሁሉ ይነካል።

በዝርዝሩ ላይ ያለው ትንሽ ሥዕልና ሲከፈት የሚመጣው ሰፊ ናሙና አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። ትንሹ ሙሉውን ስክሪን ማሳነስ የለበትም፤ የአንድ መስኮት ማዕዘን፣ አንድ አዝራርና አንድ የተመረጠ መስመር ጎላ አድርጎ ቢያሳይ ይበቃዋል። ዝርዝሩን በሙሉ መሸከም የሰፊው ድርሻ ነው።

የተጠቃሚው ልጣፍ፣ የተጠቃሚው ፊደል

መርካቶ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ቁራጩን ከሱቁ መብራት አውጥቶ በፀሐይ ብርሃን እንደሚያየው፣ ገጽታም መታየት ያለበት በሚኖርበት ቦታ ነው። የሚኖርበት ቦታ የተጠቃሚው ዴስክቶፕ ነው፤ የእሱ ልጣፍ፣ የእሱ የፊደል መጠን፣ የእሱ የስክሪን ጥራት፣ የእሱ ቋንቋ።

ልጣፉን ማስገባት ቀላሉ ነው፤ ኖም 42 እንዳደረገው የተመረጠውን ሥዕል አሳንሶ ከናሙናው መስኮት ጀርባ መዘርጋት ይበቃል። በከፊል ብርሃን የሚያሳልፉ ምናሌዎችና መስመሮች ያሉት ገጽታ ከሆነ ግን ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። ነጭ ጽሑፍ ያለው ብርሃን አሳላፊ መስመር በጥቁር ልጣፍ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ደመና የሞላው ሰማይ ላይ ሲያርፍ ግን ጽሑፉ ይጠፋል። በሠሪው ልጣፍ የተነሣ ፎቶ ይህን አደጋ ጨርሶ አያሳይም።

ቋንቋው ከዚህ የበለጠ ችላ የተባለ ጉዳይ ነው። ብዙ ናሙናዎች ሁለት የላቲን ፊደላት ወይም አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፋሉ። ለአማርኛ ተጠቃሚ ይህ ናሙና ሊያሳስት ይችላል። አንድ ገጽታ ይዞት የሚመጣው ፊደል የላቲን ብቻ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ የአማርኛውን ጽሑፍ የሚሥለው የግዕዝ ፊደል ካለበት ሌላ ፎንት ተውሶ ነው። በዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ደግሞ ኤብሪማ ይህን ሥራ ይሠራሉ፤ በሊኑክስ ብዙ ጊዜ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይገኛሉ። ስለዚህ በናሙናው ላይ የታየው ውብ የላቲን ፊደል በአማርኛው ምናሌ ላይ ፈጽሞ አይውልም። ቁመቱም ይለያያል። የተዋሰው ፎንት ከገጽታው ፎንት የተለየ የመስመር ቁመት ሊኖረው ይችላል፤ ሠሪው የርእሱን መስመር ለላቲን ለክቶ በቁርጥ ቁመት ከሠራው የግዕዙ ፊደል ራሱ ወይም እግሩ ሊቆረጥ ይችላል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ናሙናው ውስጥ የሚጻፉት ቃላት ከዴስክቶፑ ትርጉም እንዲመጡ፣ በተጠቃሚው ፎንትና መጠንም እንዲሣሉ ማድረግ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉት ለዐረብኛና ለዕብራይስጥ ደግሞ የናሙናው አቀማመጥ ራሱ መገልበጥ አለበት፤ የመዝጊያው አዝራር፣ የምናሌው መነሻ፣ የዝርዝሩ ቀስት ሁሉ ጎናቸውን ይቀይራሉ።

ተነባቢነትን በቁጥር መለካት

ገጽታ ለዓይን የሚስማማ መሆኑ የየሰው ምርጫ ነው፤ ጽሑፉ ከመደቡ መለየቱ ግን ይለካል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ መስፈርት በ2008 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 የብርሃን ንጽጽር ይጠይቃል። ከፍተኛው ጥቁር በነጭ ላይ ሲሆን የሚገኘው 21 ለ1 ነው። በነጭ መደብ ላይ የተጻፈ ደማቅ ቀይ 4 ለ1 ያህል ብቻ ስለሚያገኝ ለተራ ጽሑፍ አያልፍም፤ በነጭ ላይ የተጻፈ ቢጫ ደግሞ ከ1 ብዙም አይርቅም። ስሌቱ የሁለቱን ቀለሞች የብርሃን መጠን ብቻ ስለሚፈልግ ኮምፒውተሩ በቅጽበት ይሠራዋል።

ይህን በቅድመ ዕይታው ላይ ማዋል ትልቅ መሻሻል ነው። የቀለም ፋይሉ ሲነበብ የጽሑፍና የመደብ ጥንዶች ሁሉ ይለካሉ፤ ከመስፈርቱ በታች የወረደ ካለ ከሥዕሉ ሥር «የማይሠራ ጽሑፍ በደንብ አይነበብም» የመሰለ አጭር ማሳሰቢያ ይቀመጣል። ማሳሰቢያው ምርጫውን አይከለክልም፤ ከምርጫው በፊት ማወቅ የሚገባውን ያሳውቃል።

ቀለም የመለየት ችግርም በዚህ ስፍራ ይነሣል። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች መካከል ከ12 አንድ ያህሉ ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራል። የስሕተት መልእክቱን በቀይ፣ የስኬቱን በአረንጓዴ ብቻ የሚለይ ገጽታ ሁለቱን መልእክቶች ለእነዚህ ሰዎች አንድ ዓይነት ሊያደርጋቸው ይችላል። ናሙናው ሁለቱንም መልእክቶች ጎን ለጎን ካሳየ ተጠቃሚው ልዩነቱ ለእሱ ይታይ እንደሆነ በራሱ ዓይን ይፈትሻል።

ስክሪኑን በድምፅ የሚያስነብቡ ተጠቃሚዎች ደግሞ ሥዕሉን አያዩትም። ለእነሱ እያንዳንዱ ቅድመ ዕይታ የሚነበብ መግለጫ ያስፈልገዋል፤ የገጽታው ስም፣ ብሩህ ወይም ጨለማ መሆኑ፣ የንጽጽሩ መጠን፣ አሁን ሥራ ላይ ያለው መሆኑ ወይም አለመሆኑ። በከፊል የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ ሥዕልንም ድምፅንም አጣምሮ ስለሚጠቀም መግለጫው ለጌጥ የሚጨመር ነገር አይደለም።

አደራደርና ስያሜ

ሥዕሎቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ ተዝረክርከው ከቀረቡ ማወዳደር አይቻልም። በመደዳና በዓምድ የተደረደሩ፣ እኩል መጠን ያላቸውና አንድ ዓይነት ናሙና የያዙ ሥዕሎች ዓይን ልዩነቱን ብቻ እንዲፈልግ ይረዳሉ። ብሩሆቹና ጨለማዎቹ መለየት አለባቸው። የገጽታው ስም ሳይቆረጥ ከሥር ሊጻፍ፣ አሁን ሥራ ላይ ያለው በቀለም ብቻ ሳይሆን በምልክትም ሊታወቅ ይገባል።

ትልቁ ፈተና ብዛት ነው። አንድ የገጽታ ቤተሰብ አሥር ቀለም ቢኖረውና እያንዳንዱ ብሩህ፣ ጨለማና ቅይጥ ሆኖ ቢቀርብ ሠላሳ ሥዕል ይሆናል፤ ሠላሳውም እጅግ ይመሳሰላሉ። ሊኑክስ ሚንት በ2023 በሲናሞን 5.8 ዴስክቶፑ ላይ ያደረገው ለውጥ ይህን ችግር የሚያቃልል ነው። ምርጫው በደረጃ ተከፈለ፤ መጀመሪያ ስልቱ፣ ከዚያ ብሩህ፣ ጨለማ ወይም ቅይጥ መሆኑ፣ ከዚያ ቀለሙ። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ሠላሳው ሥዕል በሁለት ጥያቄ ወደ አሥራ ሦስት ይወርዳል ማለት ነው። ዝርዝሩን መቆጣጠር የሚፈልግ ሰው ወደ ጥልቁ ቅንብር የሚገባበት በር ክፍት ይቆያል።

የአዶ፣ የጠቋሚና የመስኮት ጠርዝ ገጽታዎች ለየብቻ በሚመረጡበት ዴስክቶፕ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ቅድመ ዕይታ ለብቻው ሲታይ ያምር ይሆናል፤ ጥቁር አዶ ግን በጥቁር መስኮት ላይ ሲያርፍ አይታይም። ስለዚህ የአዶዎቹ ናሙና አሁን ሥራ ላይ ባለው የመስኮት ቀለም ላይ መሣል አለበት። ጠቋሚውም ቢያንስ በብሩህና በጨለማ መደብ ላይ፣ በትክክለኛ መጠኑ መታየት ይገባዋል።

ፍጥነት

ቅድመ ዕይታ ዘግይቶ ከመጣ ማንም አይጠብቀውም። የሶፍትዌር አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ1993 ያሰፈሩት መለኪያ አሁንም ያገለግላል፤ እስከ 0.1 ሰከንድ ድረስ ምላሹ ወዲያው የመጣ ይመስላል፣ እስከ 1 ሰከንድ የሰው ሐሳብ ሳይቋረጥ ይቆያል፣ ከ10 ሰከንድ በላይ ከሆነ ግን ትኩረቱ ወደ ሌላ ይሄዳል። የቅንብሮቹ ገጽ ሥዕሎቹ ሁሉ እስኪያልቁ ሳይጠብቅ ወዲያው መከፈት አለበት፤ በየቦታው ባዶ ክፈፍና ስም ተቀምጦ ሥዕሉ እንደደረሰ ይሞላል፤ ቅድሚያውም በዓይን ፊት ላሉት ይሰጣል።

አንድ ጊዜ የተሣለ ሥዕል ቢቀመጥ በሚቀጥለው ጊዜ ሥራ ይቀንሳል። አደጋው የተቀመጠው ሥዕል ሲያረጅ ነው። የገጽታው ፋይል፣ የተጠቃሚው ፎንት፣ ቋንቋው፣ ልጣፉ ወይም የስክሪኑ ጥራት ሲለወጥ አሮጌው ሥዕል ተጥሎ አዲስ መሣል አለበት። በሊኑክስ ዴስክቶፖች መካከል የተስማሙበት የትንንሽ ሥዕሎች መስፈርት 128፣ 256፣ 512 እና 1024 ፒክስል መጠኖችን ያውቃል። ጥራቱ እጥፍ በሆነ ስክሪን ላይ 128 ፒክስል የሆነውን ሥዕል ለጥጦ ማሳየት ብዥ ያደርገዋል፤ ተጠቃሚውም የገጽታው ጉድለት ይመስለዋል።

ሞክሮ መመለስ

የትኛውም ናሙና ሙሉውን ኑሮ አያሳይምና ሙሉ ሙከራ አስፈላጊ ነው። ሙከራን የሚያስፈራው መመለሻው አለመታወቁ ነው። ዊንዶውስ የስክሪን ጥራት ሲቀየር «ይህን ልተወው?» ብሎ ይጠይቅና በ15 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካላገኘ ራሱ ይመልሰዋል፤ ስክሪኑ ጨልሞ ቢቀር ተጠቃሚው ምንም ማድረግ ስለማይችል ነው። ገጽታን ለመመዘን ግን 15 ሰከንድ አይበቃም። የሚሻለው «የቀድሞውን መልስ» የሚል አዝራር ተጠቃሚው እስኪወስን ድረስ ከፊቱ ሳይጠፋ እንዲቆይ ማድረግ ነው። አዝራሩም በሚሞከረው ገጽታ መሣል የለበትም። ገጽታው ጽሑፉንና መደቡን አንድ ቀለም ቢያደርጋቸው መመለሻውም አብሮ ይጠፋልና፣ ሁልጊዜ በማይለወጥ ጥቁርና ነጭ ቀለም መቀመጥ አለበት። መመለሱም የተሟላ መሆን ይገባዋል፤ ልጣፉን፣ አዶውን፣ ጠቋሚውንና ፎንቱን ሁሉ ከሙከራው በፊት ወደነበሩበት ማድረስ ማለት ነው።

የማያውቁትን ገጽታ ማየት

ከበይነ መረብ የሚወርድ ገጽታ ሁልጊዜ የቀለምና የሥዕል ስብስብ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ የሚሠራ የፕሮግራም ትእዛዝም ይይዛል። በማርች 2024 አንድ የፕላዝማ አጠቃላይ ገጽታ በተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይ ፋይሎችን ማጥፋቱ ታውቆ ፕላዝማን የሚሠሩት የኬዲኢ ገንቢዎች ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለቅድመ ዕይታ በቀጥታ ይሠራል፤ ማየት ብቻውን አደጋ ሊያመጣ አይገባም። ገና ያልጸደቀ ገጽታ ቅድመ ዕይታ ከሥዕልና ከቀለም መረጃ ብቻ መሣል፣ በውስጡ ያለ ትእዛዝ አለመነካት አለበት። ከሥዕሉ ጋርም ገጽታው ምን ምን እንደሚለውጥና የሚሠራ ትእዛዝ እንዳለበት በግልጽ ቢጻፍ ተጠቃሚው አውቆ ይወስናል።

መሻሻሉን ማረጋገጥ

ቅድመ ዕይታ ተሻሻለ የሚባለው ሥዕሉ ስላማረ አይደለም። ዋናው መለኪያ ከሥዕሉ የተገመተውና ከምርጫው በኋላ የተገኘው መግጠማቸው ነው። ይህን ለመፈተሽ ሰዎች ሥዕሎቹን ብቻ አይተው እንዲመርጡና ምን እንደሚጠብቁ እንዲናገሩ ይደረጋል፤ ከዚያ ገጽታው ይውልና የጠበቁትን አግኝተው እንደሆነ ይጠየቃሉ። ከምርጫ በኋላ ወዲያው ወደ ቀድሞው የሚመለሱት ብዛት ሁለተኛ ምልክት ነው። ከሞካሪዎቹ መካከል ዓይናቸው የደከመ፣ ቀለም የማይለዩና ከላቲን ውጪ ባለ ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ካልተካተቱ ፈተናው ራሱ ጎደሎ ነው። በማሽን የሚሠራ ማረጋገጫም አለ፤ ናሙናውንና ገጽታው ከዋለ በኋላ የተነሣውን የስክሪን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ የየክፍሉን ቀለም ማነጻጸር ነው።

አቅሙ ውስን የሆነ ቡድን ሁሉን በአንዴ መሥራት አይጠበቅበትም። የተሟላው የመመለሻ አዝራር ይቅደም፤ ከዚያ ሥዕሎቹ ከገጽታው መረጃ እንዲሣሉ ይደረግ፤ ቀጥሎ የተጠቃሚው ልጣፍ፣ ቋንቋና ፎንት ይግቡ፤ የንጽጽር ማሳሰቢያውና የሚነበበው መግለጫ ይከተሉ። በረዳት ፕሮግራም የሚሠራው ሰፊ ናሙና ብዙ ድካም ስለሚጠይቅ በመጨረሻ ቢመጣ ችግር የለውም። በዚህ ቅደም ተከተል እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ለተጠቃሚው ጥቅም ይሰጣል፤ ሁሉም ሲጠናቀቁ ደግሞ ሰው ገጽታውን የሚመርጠው የሚያገኘውን አስቀድሞ አውቆ ይሆናል።